«ፓር!» ስንል የምትመልስልን

አምቦ ስንማር የፈረንሳይኛ መምህራችን ግስ የሚያስጠናን እንደ ዳቦ እየቆረሰ ነበር። እኛ ወንዶቹ እያጨበጨብን «ፓር!» እንላለን፤ የክፍሉ ብቸኛ ሴት ጫልቱ «ሎን!» ብላ ትጨርሰዋለች። ሁለቱ ሲገጥሙ «ፓርሎን»፣ «እንናገራለን» ማለት ነው። አንድ ሰኞ «ፓር!» ብንል መልስ የለም። ለካ ቅዳሜ ድረዋታል። መምህሩ ተራዋን ለማንም አልሰጠም፤ ዓመቱን ሙሉ ግሱን ከነጎዶሎው አልነው።

ታዲያላችሁ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አውቶቡሳችን ባኮ ሲቆም፣ ልጅ አዝላ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴት አየሁ። እሷ ትሁን አትሁን ብጠራጠር በመስኮት «ፓር!» አልኩ። በቆሎውን እንደያዘች ዞረች።

«ሎን!» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሾፌሩ ነዳው። አንገቴን አውጥቼ «ተራሽን ማንም አልወሰደብሽም!» ብዬ ጮህኩ። መስማቷን እንጃ።