የኮርዩን እግር

ወዳጆቼ፣ ኮርዩንን በጡረታ የምንሸኝበት ግብዣ ነውና ሹካችሁን አስቀምጡልኝ። ኮርዩን አንድ ቦታ መቀመጥ እንደማይችል ታውቃላችሁ፤ ሳይነሳብኝ መጨረስ አለብኝ። ፊቱ ያለው የቼዝ ሰዓት ለምን እንደሚቆጥር በኋላ እነግራችኋለሁ። ሚስቱ ሹሻኒክ ሹክ ብላኛለች፦ ከዛሬ በኋላ እዚህ ቼዝ ቤት ድርሽ ላይል ወስኗል።

እዚህ አርሜኒያ፣ ወደ ጊዩምሪ ከተማው ቼዝ ቤታችን የመጣ ቀን በረዶ ይጥል ነበር። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። እኔ የውድድሩ ዳኛ ነኝና፣ "ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም" አልኩት።

"ሕፃን አይደለም፣ ወይዘሮ ሳቴኒክ። ኮምፒውተር ነው፤ ከሰዎቻችሁ ጋር ሊጫወት መጥቷል።"

"በምን እጁ?"

"እጁ እኔ ነኝ።"

ይኸው እስከ ዛሬ ኮምፒውተሩ ያሰበውን እሱ በሰሌዳው ላይ ሲያንቀሳቅስ ኖረ። ያን ዓመት ዓሣ ሻጩ ሃይካዝ ወታደሮቹን ቆላልፎ መንገድ ዘጋበት፤ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ጠፍቶት ፈረሱን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ ውሎ ተሸነፈ። ሃይካዝ ምን አለ? "ኮርዩን፣ ይቺን ሳጥን ለዓሣ መያዣ ስጠኝ!"

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ኮምፒውተሩ በየዓመቱ በረታ፤ እኛ እዚያው ነን። ሃይካዝን አሸነፈ፣ አሠልጣኞቻችንን አሸነፈ፣ ከዋና ከተማው ከየሬቫን የመጡትን የቼዝ ሊቃውንትም አሸነፈ።

ያስቸገረኝ የኮርዩን እግር ነው። ኮምፒውተሩ ድል ሲታየው የኮርዩን ፊት ድንጋይ ነው፤ እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባል። ተጫዋቾቹ ሰሌዳውን ትተው እግሩን ማየት ጀመሩ። ሃይካዝማ በየደቂቃው እስክሪብቶ እየጣለ ይጎነበሳል! አትሳቅ፣ ሃይካዝ። ጠረጴዛውን እስከ መሬት ጨርቅ አለበስኩት፤ ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ እየደነሰ አጋለጠው።

"እያሸነፍክ ምን ያንቀጠቅጥሃል?" ብዬ ተቆጣሁት።

"እኔ መቼ አሸነፍኩ? ሰውዬው መሸነፉን እኔ አውቄያለሁ፣ እሱ ገና አላወቀም። እንዴት አርፌ ልቀመጥ?"

ኮምፒውተሩ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ ሰሌዳ ያቅርብ። በተሸነፍን ቁጥር ግን እጃችንን የጨበጠው፣ ካፖርታችንን አቀብሎ እስከ ደጅ የሸኘን ኮርዩን ነው። ተሸንፎ የወጣ ሁሉ በማግሥቱ የተመለሰው በእሱ ምክንያት ነው። ኮርዩን፣ እናመሰግንሃለን።

አንተ ግን ለሹሻኒክ፣ "እጅ ብቻ ነበርኩ፤ የእኔን ጨዋታ ማን ያየዋል?" ብለሃታል። እኔ አየዋለሁ።

ኮኛካችሁን አንሱ! ለኮርዩን ጤና፣ ከእንግዲህ ቤት ሲውል ቀን ሙሉ እሱን ለምትችለው ለሹሻኒክ ትዕግሥት፣ በሰላም ለሚያልፍ ረጅም ዕድሜ!

ጠጣችሁ? አሁን ገበታውን ግፉልኝ፣ ሰሌዳውን አምጡ። ኮርዩን፣ ነጩ ያንተ ነው፣ ጥቁሩ የእኔ። የሚቆጥረውም ያንተ ሰዓት ነው፤ መናገር ስጀምር ነው ያስነሳሁት። ጨርቁን አንስቼዋለሁ፤ እግርህ እንደ ልቡ ይርገብገብ፣ የራስህ ጨዋታ ነው። ዛሬ ካላለቀ ነገ መጥተህ ትጨርሳለህ።

እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ነው የምጫወተው።