ለሐኪሙ የተረጎምኩት

ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል?

… ሰምሪን? አንቺ ልጅ… ሁለት ወር ሙሉ። ምራቴ ትኑር ትሙት ሳላውቅ… ቆይ፣ በሩን ልዝጋ።

— አንተ ሰውዬ ሻይህን ጠጣ፣ ላንተ አይደለም የተደወለው።

እሺ፣ ባልሽ ቃይሰር ሥራ ነው። ልጄ ሳይመጣ ቶሎ አውሪ። ከብራድፎርድ ወጥተሻል አይደል? … በቃ፣ የት እንደሆንሽ አትንገሪኝ። ካወቅሁ እሱ ያውጣጣኛል።

… ጠበቃ? … ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … ያለሱ ፊርማ? እሱ እኮ «እኔ ካልፈረምኩ በማግስቱ ከእንግሊዝ ፓኪስታን ትመለሳለች» ሲል ነው የኖረው። … ውሸት ነው? … ባሏ የደበደባት ሴት ለብቻዋ አመልክታ የመኖሪያ ፈቃድ ታገኛለች? … ይኼን እያለ ነው ሦስት ዓመት የደበደበሽ።

ታዲያ ምን ቀረሽ? … ማስረጃ። … የሐኪሙ መዝገብ አለ አይደል፣ ክንድሽ ሲሰበር አብሬሽ የሄድኩት…

… ምን ይላል?

… «ከደረጃ ወደቀች»።

… አዎ። እኔ ነኝ። አንቺ በቋንቋችን «መታኝ» አልሽ፣ እኔ ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ «ወደቀች» አልኩት። ዓይን ዓይኔን እያየሽኝ። ገበናችን ይሸፈን ብዬ። ይኼ ባሌ እኔን ሲመታ እናቱ «በር ገጭቷት ነው» ትልለት ነበር። ዛሬ ማንኪያ የምይዝለት እኔ ነኝ።

… አታልቅሺ። ተይ እንጂ፣ ሆዴን አታባቢው።

… እንዴት አድርጌ? ልጄ እኮ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፣ ግን ሁሉም ከዚያው ሆድ ነው የሚወጣው። «መታት፣ አይቻለሁ» ብል… ፖሊስ ይወስደዋል? … አታውቂም። … እኔም አላውቅም።

… የማመልከቻው ጊዜ መቼ ነው የሚያልቀው? … ዓርብ።

…

እርሳስ ያዢ።

… ጻፊ። ምስክሯ ዙበይዳ። … የለም፣ አማቴ ብቻ አትበይ። የቃይሰር እናት ብለሽ ጻፊ። እናት በልጇ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ፈጥራ እንደማታወራ ፈቃድ ሰጪዎቹም አያጡትም። ጠበቃዋ ነገ ጠዋት ትደውልልኝ፣ እሱ ሲወጣ። ሐኪሙ ፊት ያልኩትንም እነግራታለሁ።

… እማ አትበይኝ፣ ሰምሪን። እናት ብሆንሽማ ያን ቀን ሐኪም ቤት ነበር።

… መኪናው መጣ። ዝጊ። … እሺ፣ እኔ እዘጋለሁ።

— መጣህ ልጄ? እጅህን ታጠብ፣ ራትህን ላሙቅልህ። … ምንም አልሆንኩም። ና እስቲ መጀመሪያ፣ ዛሬን እንኳ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ።