ውሃ ያልነካው ጁስ

የፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር፣ አንዲት እናት አጠገባቸው ከተቀመጠች ነርስ ጋር ያወራሉ።

«ወዴት ነው፣ እማማ?»

«ስኳሬን ልለካ። ዛሬም ካልወረደ መርፌ ትጀምሪያለሽ ተብያለሁ።»

«ቁርስ አልበሉም አይደል?»

«ምን በወጣኝ! በጣሳ የሚሸጠውን ፍሮዝን የብርቱካን ጁስ ብቻ ቀምሼ ወጣሁ።»

«በስንት ውሃ በጠበጡት?»

«ውሃ? ቫይታሚኑን ላቅጥነው እንዴ? ከነበረዶው በማንኪያ ነው የምበላው።»

«እማማ፣ ውሃው የወጣለት ጁስ እኮ ነው! ቫይታሚን ሲ አለው፤ ስኳሩ ግን ማር ያስንቃል።»

«ጣሳው ላይ ያለው ብርቱካን ነው፤ ስኳር አላየሁም።»

«ዛሬ ከተለኩ ማሽኑ ራሱ ይጮሃል! ኮል አድርጌ ቀጠሮውን ላዛውርልዎት?»

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ለፓስተራችን ደውዪልኝ። እሳቸውም ዛሬ ነው የሚለኩት፤ ትናንት በማንኪያ ይብሉ ብዬ ሁለት ጣሳ ሰጥቻቸዋለሁ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ፓስተሩ ስልኩን እስኪያነሱ ግን አልወረድኩም።