ሳጥን ውስጥ የከረመው ሽርጥ

— ሄሎ! ሄሎ... አዎ፣ ቢቸና ጤና ጣቢያ፣ ራጅ ክፍል። ማን ልበል?... ጋሼ ወልደ ኪዳን! ከሞጣ ሐኪም ቤት ነው? እንደምን ሰነበቱ!... ይግዛው ነኝ፣ ንብረት ክፍሉ... ይርጋነሽ? እዚሁ ናት፣ የዝውውር ማመልከቻ ትጽፋለች። ጨረሩ ሳይጨርሰኝ ልሂድ ብላለች... ኧረ ለመንኳት! እሷ ከሄደች ሌላ ራጅ የሚያነሳ የለን፣ በሽተኛው ሁሉ ደብረ ማርቆስ ሊንከራተት ነው።

— ምን አሉኝ?... የደሟ ውጤት ደረሰ?... እስካሁን ደህና ነው? ተመስገን! — ይርጋነሽ፣ ደምሽ ደህና ነው! — አለቀሰች እኮ ጋሼ።

— ሄሎ? ይሰሙኛል?... የእርሳሱ ሽርጥ? ያ ከባዱ የራጅ ልብስ? እንዴታ! ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከነላስቲኩ፣ አንድ ጭረት የለበትም። ለአብዮት በዓል እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የማወጣው... ጋሼ? ምነው ጮኹብኝ?... አይቆጡ እንጂ! ውድ ዕቃ ነው ብዬ...

— ጨረሩን እሱ ነው የሚከለክለው?... ትንሽ ትንሹ እየተጠራቀመ... ካንሰር?... እሷማ ሕፃናቱን በእጇ ይዛ ነው ራጅ የምታነሳቸው፣ በቀን አምስት ስድስት... እኔን ድፍት ያርገኝ! ለጨርቅ ስሳሳ ሰው ላስጨርስ ነበር... አልረፈደም? እውነትዎን ነው?... እሺ። ልጅ መያዝ ካስፈለገ ወላጁ ይያዝ፣ ሽርጡንም እሱ ይልበስ። እሷ ከግንቡ ጀርባ ትቁም። እሺ... ፊርማ? ጓድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔው ፈርሜ አወጣዋለሁ፣ ከፈለጉ ይክሰሱኝ!

— ይርጋነሽ፣ ቁልፉ ይኸው፣ ሳጥኑን ክፈቺ... ከብዷታል ጋሼ፣ ግን ይዛው መጣች። አንድ አባት እጇ የተሰበረ ልጁን ታቅፎ ገብቷል... ለሱ እያለበሰችው ነው... ምን አልሽ? እኔ? ንብረት ክፍሉ እኮ ነኝ!... ጋሼ፣ ሥራ የሌለው ሰው ራጅ ሲነሳ እዚህ አይቆምም ትለኛለች!... ይሳቁብኝ፣ ይሳቁብኝ።

— ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ! ይርጋነሽ፣ ትቆያለሽ ማለት ነው?... ምን አለች? «መጀመሪያ አንተ ውጣልኝ» ነው የምትለው... ኧረ እየገፋችኝ ነው! ልዝጋው ጋሼ፣ በሩን ልትዘጋብኝ—