የወንበሩ ግጥም

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተቀምጠናል። መስኮቱን አንዲት እንቅልፋም ሴት ይዛዋለች፤ ቀጥላ የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ዳር ላይ እኔ። የልጅቷ ከንፈር ዝም ብሎ ይንቀሳቀሳል።

«ምነው ልጄ፣ ጸሎት ነው?» አሏት ሽማግሌው።

«ግጥም ነው አባባ። ነገ የወላጆች በዓል ላይ ላነበው ነው።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ትምህርት ቤቴ ሰፊው ቤቴ፣
ባንተ ደላው ሰውነቴ።»

«ይኼ ያንቺ ነው?»

«የቲቸር ነው። የኔን አውጥተው እሱን አስገቡት።»

«ያንቺስ ምን ይላል?»

«ባንድ ወንበር አራት ሆነን፣
አንዱ ሲያስነጥስ ሁለት ወደቅን።»

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው።

«ይኼማ ሸጋ ነው! ምነው አወጡት?»

«እንግዳ ይመጣል፣ ታሳፍሪናለሽ አሉኝ።»

«እንግዶቹስ የት ሊቀመጡ ነው?»

«በኛው ወንበር።»

«ስንት ስንት ሆነው?»

«እንዲመቻቸው ሁለት ሁለት።»

«ተዪ! አራት አራት አድርገሽ አስቀምጫቸውና ያንቺኑ አንብቢላቸው።»

«ካልገባቸውስ?»

«አንዱ ማስነጠሱ አይቀርም።»

«ቲቸር ቢቆጡኝስ?»

«እሳቸውን ዳር አስቀምጫቸው።»

ይህን ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ፣ እኔ ከፊቴ ያለውን ወንበር በሁለት እጄ ጨበጥኩ።