ግራ እጅጌው ያጠረ ቀሚስ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከኮልፌ ወደ መርካቶ በጋሪ ስንሄድ አንዲት አሮጊት አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ልብስ ሰፊ የለበሰችውን ቀሚስ አተኩረው አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ግራ እጅጌሽን ምን በላው?»

«ጨርቁ አልበቃ ብሎኝ ነው፣ እትዬ። ባለ መስመር የፍራሽ ጨርቅ ነው።»

«ሰው አልሳቀብሽም?»

«ሳቀ እንጂ! ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት የጣሊያን ሲኞራ መንገድ ላይ አስቆመችኝ።»

«በማርያም! ሰረቅሽ ልትልሽ?»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀሚሱን ዳበሰችና ‹ከሮማ ነው የመጣው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«‹የኮልፌ ነው፣ እኔው ነኝ የሰፋሁት› አልኳት።»

«አመነችሽ?»

«ትናንት ባያት የሐር ቀሚሷን ግራ እጅጌ አስቆርጣ ትንጎራደዳለች!»

«እሰይ የኔ ልጅ!»

እኔም ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ግራ እጅጌዬን ቀስ ብዬ እስከ ክርኔ ጠቀለልኩት።