ሦስት ቀን የቀደመው ሰደፍ

የቴነር ካውንቲ ፖሊስ፣ የምርመራ ክፍል
የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ቬርና ሆክ
ዕድሜ፦ 66
የትዳር ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ስቶኒ ሪጅ፣ ቴነር ካውንቲ፣ ፔንሲልቬንያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዴል ሃርትማን

እኔ ከላይ ስሜ የተመዘገበው ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሳጅን ሃርትማንን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ምሳውን የማቀርብለት እኔ ነበርኩ፤ አተር ሲያይ ሳህኑን ይገፋ ነበር። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብሎኛል። የሚናገሩትን ሁሉ እጽፋለሁ ካልክ ይህንንም ጻፈው ብዬው ጽፎታል።

ስለ ክበቡ ተጠይቄ ሳስረዳ፣ የስቶኒ ሪጅ አዳኞች ክበብ ጸሐፊ ስሆን የክበቡን ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ አንዳንድ ዓይነት ጠብመንጃዎች እንደ አዲስ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር፤ ከሕጉ በፊት የተሠሩትን ግን አልነካም። ሕጉ ሲወጣ የተሰጠው ዕድሜ አሥር ዓመት ነው። ምክር ቤቱ ካላራዘመው ሰኞ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2004 በራሱ የሚሞት ነበር። እኛ የታገልነው እንዳይራዘም ነው። ሌላው ሰው አንድ ነገር እንዲደረግለት ይለፋል፤ እኛ አሥር ዓመት የለፋነው ምንም ነገር እንዳይደረግ ነው። ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ወገቤን ቆርጦኛል።

እንዴት እንሠራ እንደነበር ተጠይቄ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ለአምስት ሰው እደውላለሁ፤ አምስቱም እያንዳንዳቸው ለአምስት ሰው ይደውላሉ፤ ከዚያ ሁላችንም ወደ ምክር ቤት ተወካያችን ቢሮ እንደውላለን። ስልክ የምታነሳው ልጅ በመጨረሻው ድምፄን ለይታ «ወይዘሮ ሆክ፣ ዛሬም ምንም እንዳናደርግ ነው?» ትለኝ ጀመር። «አዎ የኔ ልጅ፣ ምንም» እላት ነበር። ባሌ ክላይድ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደውያለሁ። ሕጉ ቢሞትም ባይሞትም ግድ ያልሰጠኝ ጊዜ ነበር። ይህን ለክበቡ ሰዎች ተናግሬ አላውቅም፤ ግን ረቡዕ ሲደርስ እጄ በራሱ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

አቶ ኢርቪን ዳንክልን በሚመለከት ተጠይቄ፣ ኢርቭ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ከባሌ ጋር እንጨት መሰንጠቂያው ቤት አብረው ሠርተዋል። እዚያው እያለ ግንድ ቀኝ ትከሻውን መትቶት ክንዱ እንደ ልብ አይዘረጋለትም። ያለው ጠብመንጃ ሕጉ ከወጣ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ሰደፉ ረጅምና የማይነቃነቅ ነው፤ ትከሻው ላይ አይቀመጥለትም። እንደ ተኳሹ ክንድ የሚያጥርና የሚረዝም ሌላ ሰደፍ ገዝቶ ከካልሲዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ሰደፉ ብቻውን መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ምንም አይደለም፤ በዚያ ጠብመንጃ ላይ ሲገጠም ግን የተከለከለ ጠብመንጃ እንደ መሥራት ስለሚቆጠር ወንጀል ነው። ኢርቭ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። አዲስ የሚገቡትን አባላት የሚያስጠነቅቀው እሱ ነበር። «ከቀኑ በፊት ብሎን የሚያዞር ሰው ከኔ ጋር አይተዋወቅም» ይላቸው ነበር።

ዓርብ ሴፕቴምበር 10 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በክበቡ ቤት ጓሮ ስለሆነው ተጠይቄ፣ እዚያ የነበርነው እኔ፣ ኢርቭና የክበቡ ሊቀመንበር ሜርል ሹፕ ነን። ጋዜጣው ሕጉ በሚሞትበት ቀን ጠዋት በየሰው ፖስታ ሳጥን እንዲገባ ወስነን ነበር። ለዚህም ዓርብ ታትሞ ቅዳሜ ፖስታ ቤት መድረስ ነበረበት። የፊት ገጹ «ከዛሬ ጀምሮ ተፈቅዷል» የሚል ትልቅ ርዕስ አለው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነበር። ሜርል «የኢርቭ ፎቶ ይግባበት፤ ሰደፉን ገጥሞ ይነሳ» አለ። ኢርቭ እምቢ አለ። «ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል» አለ።

«አሥር ዓመት ጠብቀህ በሦስት ቀን ትሟገታለህ እንዴ?» አለው ሜርል። «ለፎቶ እኮ ነው። ትገጥመዋለህ፣ ትነሳለህ፣ ትፈታዋለህ። እዚህ ጓሮ ማን ያይሃል፣ ቁራ?»

ኢርቭ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀኝ እንደሆነ ነገርኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። ኢርቭ መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ የቀድሞውን ሰደፍ ፈትቶ አዲሱን ገጠመ። ትከሻው ላይ አስደግፎ «ተቀመጠልኝ» አለ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ እየሳቀ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ወዲያው ፈትቶ ሁለቱንም ለየብቻ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ሰኞ ጠዋት የሚደርስ ጋዜጣ ላይ ያለ ፎቶ ሰኞ ሊነሳ እንደማይችል ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም። ይህን ያህል ዘመን ያን ቀን ስንጠብቅ ኖረን መጨረሻ ላይ የተሳሳትነው በቀን ነው።

ሰኞ ስለነበረው ዝግጅት ተጠይቄ፣ ቀትር ላይ በክበቡ ቤት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች፣ የድንች ሰላጣና የፖም ፓይ ነበር። ሕዝብ ይመጣል ብለን ብዙ ወንበር ደርድረን ነበር፤ ግማሹ ባዶ ቀረ። የመጡት በልተው፣ ጥቂት ተኩሰው፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሜርል ንግግር አደረገ። እኔ ሳህን ሳጥብ አልሰማሁትም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ እንቅልፍ ብቻ መጣብኝ።

ወ/ሮ ሌኖራ ፓሴክን በሚመለከት ተጠይቄ፣ ሌኖራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ በዚህ ካውንቲ ሕጉ እንዲራዘም የሚሠሩትን የምትመራው እሷ ናት። የወንድሟ ልጅ በሌላ ግዛት በሥራ ቦታዋ እያለች እንዲህ ባለ ጠብመንጃ ተገድላለች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ቀብሩ ማክሰኞ ነበር፤ በማግሥቱ ረቡዕ ስልኬን ደውያለሁ። ሌኖራ ይህን ታውቃለች። እኔና እሷ በሳምንታዊው ጋዜጣ ላይ ስንጻጻፍና ስንሰዳደብ ኖረናል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የምንቀመጠው አንድ ረድፍ ላይ ነው። የክበባችንንም ጋዜጣ ታስመጣለች። «የጠላቴን ሐሳብ ከጠላቴ እጅ ነው የማነበው» ትላለች።

ማክሰኞ ሴፕቴምበር 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ሌኖራ በረንዳዬ ላይ መጣች። ባዶ እጇን መጥታ ስለማታውቅ ቲማቲም ይዛ ነበር። ቲማቲሙን አስቀምጣ ጋዜጣውን ጭኔ ላይ ዘረጋችው።

«ቬርና፣ ይሄን ፖስተኛው ያመጣልኝ ትናንት ጠዋት ነው። ፎቶው መቼ ተነሳ?»

ጋዜጣውን አንስቼ መለስኩላት።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅሽ። ይሄ የክላይድ አሮጌው ጠብመንጃ ነው? እሱ ከሕጉ በፊት የተሠራ ነው፤ ማንም አይጠይቅበትም። ነው በይኝና ጋዜጣውን ቀድጄው ልሂድ።»

«እኔ ስላልኩሽ ብቻ?»

«ሞኝ ነሽ ብዬሽ አውቃለሁ፣ ልበ ደረቅ ነሽም ብዬሻለሁ። ውሸታም ብዬሽ ግን አላውቅም።»

ባሌ የተወልኝ ጠብመንጃ እስካሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ከኢርቭ ጠብመንጃ ጋር ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ነው ብላት ይበቃ ነበር። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሌኖራ ጋዜጣውን አጣጥፋ «ነገ ወደ ፖሊስ እሄዳለሁ። ከጀርባዬ ሄደች እንዳትይኝ ነው ቀድሜ የመጣሁት» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን በጣም ተናድጄባት ነበር፤ ቲማቲሙን ሳልነካው በረንዳው ላይ በሰበሰ።

ሜርል ሹፕ አነጋግሮኝ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አዎ፣ ዓርብ ሴፕቴምበር 17 ቀን ቤቴ መጥቶ የክላይድ ጠብመንጃ ነው ብዬ እንድመሰክር ጠይቆኛል። «ሟች አይጠየቅ፣ ጠብመንጃው አይናገር፤ ምን ይከብድሻል?» አለኝ። ባሌን ከመቃብር ጠርቼ አላዋሸውም አልኩት። «እንግዲያው ኢርቭን በገዛ እጅሽ ቅበሪው» ብሎኝ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኢርቭ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። ሰደፉን ገጥሞት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አሁን እንኳ የሚከለክለው የለም። ወደ መሳቢያው እንደመለሰው ነገረኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለና ሊስቅ ሞከረ። እኔ የክላይድን ጠብመንጃ ነገር አነሳሁበት። ሌኖራ ፊት ያልወጣልኝን ለእሱ ስል ለፖሊስ ልዋሽለት አስቤ እንደነበር አልደብቅም። ኢርቭ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ።

«ቬርና፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስልክ ስንደውል ምን ነበር የምንላቸው?» አለኝ።

«ሕግ አክባሪ ሰዎች ነን።»

«በይ እንግዲህ። ለኔ ስትይ ያን ሁሉ ስልክ ውሸት አታድርጊብኝ።»

ኢርቭ ፈርቷል። ደፋር መስሎ እንዲጻፍልኝ አልፈልግም፤ ፈርቶ ነው ይህን ያለኝ።

ፎቶው የተነሳበትን ቀን በእርግጠኝነት አውቅ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ዓርብ ነው። ጠብመንጃው የኢርቪን ዳንክል ነው፤ ከሕጉ በኋላ የተሠራ ነው፤ ሰደፉን ሲገጥም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሕጉ በዚያን ቀን በሕይወት ነበር። ሳጅን ሃርትማን «ምናልባት ዓርብ» ብሎ ጽፎ አነበበልኝ። «ምናልባት»ን ሰርዘው አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ «ወይዘሮ ሆክ፣ እስኪ ትንሽ ያስቡበት። ውጭ ወጥተው አየር ወስደው ይመለሱ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። አስቤበት ነው የመጣሁት አልኩት፤ ሰርዞታል፤ ስረዛው ላይ ሁለታችንም ፈርመናል። ሰደፉን እንዲገጥም ሜርል እንደገፋፋው፣ እኔም እያየሁ እንዳልከለከልኩት አብሮ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

ኢርቭ ምን እንደሚጠብቀው ጠይቄ ሳጅኑ አስረድቶኛል። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ይላካል። በዕድሜውና በጸባዩ ምክንያት እስራቱን ዳኛው ሊተውለት ይችላል። ጥፋተኛ ከተባለ ግን ዕድሜ ልኩን ማናቸውንም የጦር መሣሪያ መያዝ ይከለከላል። ከአባቱ የወረሰውንም ጠብመንጃ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የአባቱንም ብሎኛል። ሕጉ ሞቷል፣ ክሱ ለምን አብሮት አይሞትም ብዬ ጠየቅኩ። ጥፋቱ የተሠራው ሕጉ በሕይወት እያለ ነው አለኝ።

በመጨረሻ የምጨምረው ነገር ካለ ተጠይቄ፣ አንድ ነገር አለ። በኖቬምበር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ የአጋዘን አደን ይከፈታል። ያን ቀን እዚህ አገር ትምህርት ቤት እንኳ ይዘጋል። ኢርቭ አባቱ ባወረሰው ጠብመንጃ፣ በዚያው በአባቱ ኮረብታ ላይ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቀር ወጥቷል። በዚያ ክንዱ አጋዘን ከመታ ስንት ዘመኑ፤ ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲነጋ ለማየት ነው የሚወጣው። ሕጉን ሊያራዝም የተዘጋጀው ረቂቅ ምክር ቤቱ ውስጥ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ቀኑ ሲያልፍ አይቻለሁ። ወረቀት እንዴት እንደሚያስተኙት ከማንም የበለጠ አውቃለሁ። ይህን የምስክርነት ወረቀት ቅደዱት አልልም፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። አደኑ እስኪዘጋ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ይተኛልኝ ነው የምለው። ሳጅን ሃርትማን ቃል ሊገባልኝ እንደማይችል ነግሮኛል። እኔም በየረቡዑ እየደወልኩ እንደምጠይቀው ነግሬዋለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት እንጂ ያልተናገርኩት አልተጻፈበትም። ከዚህ ውስጥ ሐሰት ቢገኝ በሕግ ልጠየቅበት አውቄና ፈቅጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቬርና ሆክ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ዴል ሃርትማን